ክላውን ፊሽ ሁለት ይበቃል ወይስ አምስት? 18,000 ብር ከስሬ የተማርኩት

ሰሞኑን እዚ ጎንደር አራዳ ቡና ልጠጣ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንዱ ይመጣና «ቤትህ ያለውን ክላውን ፊሽ፣ ያን ብርቱካናማ የባህር ዓሣ፣ እኔም ላስገባ ነው፣ ስንት ልግዛ?» ይለኛል፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ደሞ ራሱ «አምስት ስድስት ቢሆን ያምራል አይደል?» ብሎ ይመልሰዋል። ያምራል፣ ለስምንት ወር።

እኔም አምስት ነበር የገዛሁት። አዲስ አበባ ከሚያስመጣ ልጅ አንዱን በ6,000 ብር ሂሳብ፣ 30,000 ብር በፌስታል ታቅፌ በፕሌን መጥቼ አዘዞ ወረድኩ። ያኔ ሁሉም 3 ሳንቲ ሜትር አይሞሉም፣ ተሰብስበው ሲዋኙ እንግዳ ሁሉ ቡናውን ረስቶ እነሱን ነው የሚያየው። ከዛ ትልቋ ማደግ ጀመረች። እዚ ጋ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ ክላውን ፊሽ ሲጀምር ሁሉም ወንድ ነው፣ ከመሀላቸው ትልቁ ወደ ሴትነት ይቀየርና ቤቱን ይገዛል፣ ሁለተኛው ባሏ ይሆናል፣ የቀሩት ሳያድጉ ተራ ይጠብቃሉ። ባህር ውስጥ የተባረረው ሌላ ቦታ ፈልጎ ይሄዳል፣ 80 ሳንቲ ሜትር መስታወት ውስጥ ግን የት ይሂድ? የኔዎቹ ላይኛው ጥግ ላይ ሂተሩ (ውሃ ማሞቂያው) ስር ተለጥፈው ጭራቸው ተበጣጥሶ ነው ያለቁት፣ አንዱማ ዘሎ ወጥቶ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ አገኘሁት። ሶስት ዓሣ፣ 18,000 ብር። የቀሩት ሁለቱ ይሄው እስከ ዛሬ በሰላም አሉ፣ ስለዚ መጀመሪያውኑ ሁለት ብገዛ ኖሮ ያው እዚሁ ነበርኩ።

አሁን ብሩን እንቁጠር፣ ምክንያቱም ሰው የሚያስበው የዓሣውን ዋጋ ብቻ ነው፣ የሚጨርሳችሁ ግን ጨው ነው። ለሁለት ዓሣ 80 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ይበቃል፣ ወደ 120 ሊትር ውሃ ይይዛል። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይፈልጋል፣ ስለዚ ለመሙላት 4.2 ኪሎ፣ ከዛ በየሳምንቱ 12 ሊትር ስትቀይሩ በወር 1.7 ኪሎ አካባቢ። እኔ ጨው ኪሎውን 1,100 ብር ነው የማገኘው፣ በወር 1,850 ብር በሉት። ለአምስት እንደ ምንም ላርገው ካላችሁ ደሞ ከ400 ሊትር በታች አታስቡት፣ ለመሙላት ብቻ 14 ኪሎ ነው 15,400 ብር፣ በየወሩ ደሞ ከ6,000 ብር በላይ። እሱም ሆኖ እንደማይጣሉ ማንም አይፈርምላችሁም። 400 ሊትር ማለት ውሃው ብቻ 400 ኪሎ ነው፣ የእንጨት ወለል ፎቅ ላይ የምትኖሩ እንግዲህ እወቁበት።

ጨው ካልኩ አይቀር ስለተበላሁት ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ማዕበል የተሳለበት ባልዲ «የባህር ጨው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ሸጠልኝ። ሪፍራክቶሜትሩ (የጨው መጠን መለኪያው) ልክ ነው አለኝ፣ ዓሣው ግን ቀን በቀን ይፈዛል። ሪፍራክቶሜትር የሚያየው የጨዉን ብዛት እንጂ ምንነቱን አይደለም ለካ። በኋላ የአልካሊኒቲ (ውሃው አሲድ የመቋቋም አቅሙ)፣ የካልሲየምና የማግኒዚየም ቴስት ሳደርግ ከቧንቧ ውሃው ምንም አይለይም፣ ካልሲየም የለ ማግኒዚየም የለ፣ ከአፍዴራ የመጣ የወጥ ጨው መሰለኝ በባልዲ። አፍዴራ ለወጥ ይባረክ፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ከዛ ወዲህ ጨዉን የማስመጣው ዱባይ በሚመላለስ ዘመድ ነው።

ገንዳዉን እዚሁ አሉሚኒየም ቤት 6,500 ብር አሰርቻለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሲሊኮኑን ቆማችሁ እዩ፣ ሻጋታ መከላከያ ያለበት የመስኮት ሲሊኮን ዓሣ ይመርዛል። ሂተር ላይ ደሞ አትስገብገቡ። የጎንደር ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ በተለይ ህዳርና ታህሳስ፣ እነሱ ደሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው የሚፈልጉት። የኔ ኮፒ ሂተር አንድ ሌሊት አልጠፋም ብሎ 31 አደረሰው። ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋ ወሰድኩት፣ ገልበጥ ገልበጥ አርገው አዩትና «ልጄ ይሄ የታሸገ ነገር ነው፣ ብከፍተው ውሃ ይገባዋል፣ አንተንም ይነዝርሃል» ብለው መለሱልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም ይባረኩ። አሁን ሂተሩን የሚያጠፋ የሚያበራ ለብቻው የሆነ ቴርሞስታት አርጌለታለሁ፣ ከጥሩ ሂተር ይረክሳል።

ሌላው ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባህር ወለል 2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል፣ ስለዚ ፓምፑ የውሃዉን ፊት ሁሌ ማንቀሳቀስ አለበት። መብራት ጠፍቶ ሁለት ዓሣና አምስት ዓሣ ያለበት ገንዳ እኩል ሰዓት አይቆዩም፣ ይሄ ሂሳብ አያስፈልገውም። በባትሪ የሚሰራ የአየር ፓምፕ ሳትገዙ ዓሣ አትግዙ። ውሃው ሲተን ደሞ የምትጨምሩት ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ ጨዉ አይተንም እኮ፣ ስንቱ በዚህ ገደለ።

አኒሞን (ክላውን ፊሽ ባህር ውስጥ የሚጠለልበት አበባ መሳይ እንስሳ) ያስፈልጋል ወይ ለምትሉኝ፣ አያስፈልግም፣ ከባድ መብራት ይፈልጋል፣ ሲሞት ውሃዉን ያበላሻል፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

የግድ አምስት ካልገዛሁ ለሚል፣ አንድ ጓዴ እንደሱ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በትንሽነታቸው፣ ከአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ግዛ፣ የተደበደበውን የምታስገባበት ሁለተኛ ገንዳ ደሞ ከጎን አዘጋጅ። ይሄን ሁሉ ስነግረው «ስንት ይሆናል?» አለኝ፣ ነገርኩት፣ ቡናዉን ጨርሶ ሄደ።

ለሁለቱ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ከክላውን ፊሽ ዓይነቶች ኦሴላሪስ የሚባለውን ያዙ፣ ማሩን የሚሉትን ቀዩን አትንኩ ተደባዳቢ ነው፣ የቀይ ባህሩ ባለሁለት መስመርም እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። ሁለቱም ትንንሽ ይሁኑ ግን አንዱ ከሌላው ትንሽ ይብለጥ፣ እኩል ከሆኑ ማን ይግዛ እያሉ ይነካከሳሉ። ገንዳው ውሃ ሞልቶ ያለ ዓሣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይስራ፣ አሞኒያው (ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመው መርዝ) ዜሮ ሳይሆን ዓሣ አታስገቡ። ክዳን አይረሳ። ትልቋ አንድ ቀን ብትሞት ሁለት አዲስ ለመግዛት አትሩጡ፣ የቀረው ቀስ ብሎ ሴት ይሆናል፣ ከሱ ያነሰ አንድ ብቻ ጨምሩለት፣ 6,000 ብር ተረፈ ማለት ነው። ስትገዙም ሻጩን ፊት ለፊታችሁ አብላልኝ በሉት፣ እኔ አሁን ዓሣው በልቶ ካላየሁ ቦርሳ አላወጣም።