ሊንኩ ኮምቦልቻ ላይ ይከፈታል? ዊኬት፣ ጄኤስኤፍ፣ ቫዲን፣ ብሌዘር እና ላይቭቪው ሲነጻጸሩ

ደሴ ፒያሳ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ ኮምቦልቻ መጋዘን አለው እንበል። ሁለቱም በአንድ ሲስተም ይሠራሉ። ሱቅ ያለችው ልጅ "ይህን ዕቃ አውጣልኝ" ብላ የገጹን ሊንክ በቴሌግራም ትልካለች። መጋዘን ጠባቂው ሲነካው ዕቃው የለም፤ "ገጹ ጊዜው አልፎበታል" የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ የዕቃ ቁጥር በቃል ይነገራል፣ ሌላ ዕቃ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ይወጣል። ሲስተም ልታሠሩ የተነሳችሁ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን አንሱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ርዕሱ ላይ ያሉት አምስቱ ፍሬምወርኮች፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ዌብ ሲስተም የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች (ብሌዘር ስል ብሌዘር ሰርቨር የሚባለውን ነው)፣ ተጠቃሚው የደረሰበትን ሰርቨሩ ላይ ይይዙለታል። የትኛውን ዕቃ እንደከፈተ፣ በምን እንዳጣራ፣ ሠንጠረዡ ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ ሰርቨሩ ያውቃል። ለፕሮግራመሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ሊንኩ ውስጥ ግን ምንም ላይገባ ይችላል፤ የመጋዘን ጠባቂው ስልክ ደግሞ የልጅቷ ሴሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ ስለ እሷ የያዘው ማስታወሻ፣ የለውም።

ዊኬት ላይ ሁለት ዓይነት ሊንክ አለ። ተራው ሊንክ የሚሠራው ሰርቨሩ ያስቀመጠውን ገጽ ተማምኖ ስለሆነ ሴሽኑ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቡክማርከብል ፔጅ ሊንክ የሚባለው ግን የትኛው ገጽ እንደሚከፈት እና የዕቃውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ለገጹ ቋሚ አድራሻ የሚሰጠው ማውንት ፔጅ ሲጨመርበት አድራሻው "ዕቃ/1045" ዓይነት አጭርና የሚነበብ ይሆናል። እንዲህ የተሠራ ገጽ ሴሽኑ ቢያልፍም ዊኬት ከአድራሻው ተነስቶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ልብ በሉ፦ የሚመለሰው አድራሻው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የሠንጠረዡ ሦስተኛ ገጽ ላይ ከነበራችሁና ያ ቁጥር ፓራሜትር ሆኖ አድራሻው ውስጥ ካልገባ አንደኛው ላይ ትገኛላችሁ። ፕሮግራመሩ ተራውን ሊንክ መጠቀም ስለሚቀለው፣ በዊኬት የተሠራ ሲስተም ስትረከቡ እያንዳንዱን ዋና ገጽ ፈትሹ።

ጄኤስኤፍ፣ በአሁኑ ስሙ ጃካርታ ፌስስ፣ ድሮ ሁሉንም በፖስት፣ መረጃው አድራሻው ላይ በማይታይበት መንገድ፣ ይልክ ነበር። ከላይ የሚታየው አድራሻ ካላችሁበት ገጽ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ስሪት 2.0 ከአድራሻው ላይ መረጃ የሚያነበውን ቪው ፓራሜትርንና በጌት የሚሄድ፣ መረጃውን አድራሻው ላይ የሚይዝ ሊንክ አመጣ፤ ችግሩም መፍትሔ አገኘ። የድሮውን አሠራር የለመደ ሰው ግን ዛሬም በድሮው ይጽፋል። ቀድሞ በጄኤስኤፍ የተሠራ ሲስተም ካላችሁ አስተካክሉት፤ ከዜሮ ለመጀመር ግን አልመርጠውም።

ቫዲን መልኩ ያማረ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ለሚውል ሥራ ይመቻል። ከ10ኛው ስሪት ጀምሮ ራውት፣ ማለትም ለየገጹ የራሱ አድራሻ፣ አለው፤ የዕቃ ቁጥርም አድራሻው ውስጥ ይገባል። የሠንጠረዡን ማጣሪያ ግን ፕሮግራመሩ ራሱ ካልጻፈው አድራሻው ላይ አይገኝም። ገንዘብ የሚጠይቁ ክፍሎችም ስላሉት ቀድማችሁ ጠይቁ። የሌሎቹ አራቱ ላይሰንስ ነፃ ነው፤ የምትከፍሉት ለባለሙያና ለሰርቨር ነው።

መብራትና ኔትወርክ ሄድ መጣ ለሚልበት ለእኛ አገር፣ ዋናው ፍልሚያ ያለው ብሌዘር ሰርቨርና ላይቭቪው መካከል ነው። ሁለቱም ከሰርቨሩ ጋር ያለማቋረጥ ይገናኛሉ። ብሌዘር ግንኙነቱ ሲቋረጥ ያለውን ሁኔታ በተለመደው ቅንብር ለ3 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ገጹ እንደገና መከፈት አለበት፤ ፕሮግራመሩ በተለይ ካላስቀመጠው በቀር የሚተርፈው አድራሻው ውስጥ የተጻፈው ነው። ላይቭቪው ሲመለስ አድራሻውን ራሱ እንደገና ያነባል፤ ማጣሪያውና የገጽ ቁጥሩ በፓች፣ ገጹን እንደገና ሳይከፍት አድራሻውን በሚቀይረው መንገድ፣ እዚያ ከገቡ በነበራችሁበት ያገኛችኋል። በደንቡ የተሠራ ፎርም ከሆነ የጻፋችሁትንም መልሶ ይሞላል። ለመጋዘን ሥራ ልቤ ያለው እሱ ጋ ነው። እንቅፋቱ ላይቭቪው የሚጻፍበትን ኤሊክሰር የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ባለሙያ ማግኘት ነው፤ ጃቫ ወይም ሲ ሻርፕ የሚችል ልጅ ማግኘት በጣም ይቀላል። ሲስተሙን የሚጠግን ሁለተኛ ሰው ከሌላችሁ ዊኬትን በማውንት አሠሩና አርፋችሁ ሥሩ።

አንድ ነገር አይረሳ፤ ሊንኩ ይከፈት ማለት ለማንም ይከፈት ማለት አይደለም። ፈቃድ በየገጹ ይጣራል። ያልገባ ሰው መጀመሪያ ሎግኢን ያደርጋል፣ ከዚያ መነሻ ገጹ ላይ ሳይሆን የተላከለት ዕቃ ላይ መድረስ አለበት። ዊኬት ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለው፤ ሌሎቹም ላይ ይሠራል፣ ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ስትረከቡ የዕቃውን፣ የደረሰኙንና የተጣራውን ዝርዝር ሊንክ ገልብጡ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሳ። ከዚያ ሦስቱንም ገብቶ በማያውቅ ሌላ ስልክ ላይ ክፈቷቸው። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ በኋላ ልቀቁ።