አካዳሚ ወይስ ቀረጻ ቦታ? የፊልም ሥራን ከየት መጀመር ይሻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልምና ቴሌቪዥን ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ሁለት መንገድ አለው፦ እንደ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ያለ ተቋም ገብቶ መማር፣ ወይም በቀጥታ ቀረጻ ላይ ረዳት መሆን።

ትምህርቱ ጊዜ ይሰጣል። አጭር ፊልም ሠርተህ ብታበላሽ የፕሮዲውሰር ገንዘብ አይባክንም። ስክሪፕት አጻጻፍን ደግሞ ቀረጻ መሃል ቆሞ የሚያስተምርህ የለም። ክፍያው ግን ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው።

ቀረጻ ቦታ ገመድ ትጠቀልላለህ፣ መብራት ትሸከማለህ፣ ክላፕ (የቀረጻ መጀመሪያን የሚያመለክተውን ሰሌዳ) ትመታለህ። መጀመሪያ ላይ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ከትራንስፖርት አያልፍም (ይህ መለወጥ ያለበት ነገር ነው)። ነገር ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳይሬክተሩ የትኛውን ሾት እንደሚተው፣ የታክሲ ጥሩምባ ሲገባ የድምፅ ባለሙያው ምን እንደሚያደርግ በዓይንህ ታያለህ። ሥራም የሚገኘው በሰው ነው፤ ዛሬ አብሮህ ያመሸ ካሜራማን ነገ ለተከታታይ ድራማ ይጠራሃል።

ለካሜራ፣ ለመብራትና ለድምፅ እኔ ያለማመንታት ቀረጻውን እመርጣለሁ። መጻፍና ዳይሬክት ማድረግ የሚፈልግ ግን ትምህርቱን ያስቀድም። ኤዲቲንግ ሁለቱንም አይጠብቅም፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነፃ ስሪት ስላለው ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ዛሬውኑ ቤቱ መጀመር ይችላል።