የአዲሱ ፍሬን ሸራዬ ካርቶኑ ብቻ ተመለሰልኝ

ዛሬ ሰኞ ማታ ነው። ከጋራዡ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ሆናችሁ መኪናችሁን ለትራክ ዴይ፣ ማለትም የራስን መኪና በውድድር ትራክ ላይ በፍጥነት ለመንዳት ለሚዘጋጅ ቀን፣ የምታዘጋጁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ጋራዡን በስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። የወገን ጋራዥ ነው። ገና ስትገቡ «ና ወንድሜ፣ ቡና ጠጣ» ይላል። ዋጋ ስትጠይቁ «እኔና አንተ አንጣላም» ይላል። ደረሰኝ የለም። ክፍያው በካሽ ወይም በዜል ነው።

መኪናዬ የ1999 ማዝዳ ሚያታ ናት። 140 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያላት፣ ግን ቀላል ስለሆነች ለጀማሪ እሷን የሚያህል የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ እየቆጠብኩ አዘጋጀኋት። ጣሪያዋ ጨርቅ ስለሆነ መጀመሪያ ሮል ባር፣ ብትገለበጥ ጭንቅላት የሚጠብቀውን ብረት፣ አስገባሁ። ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ሾክ አብዞርበር። የቀረኝ ፍሬኑ ነበር። ሙቀት የሚችል የትራክ ሸራ የፊትና የኋላ በ280 ዶላር ገዛሁ። ሁለት ጠርሙስ ሞቱል አርቢኤፍ 600 የፍሬን ዘይትም ጨመርኩ።

ይህ ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 312 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ዶት 3 ለሚባለው ተራ የፍሬን ዘይት የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደግሞ 140። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። አረፋ ሲጫኑት ይታመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ዕቃውን ራሴ መርጬ የገዛሁት።

የምኖረው አፓርታማ ነው፣ ፓርኪንጉ ላይ መኪና መፍታት ክልክል ነው። ስለዚህ ሐሙስ ወሰድኩለት። ለሥራው 350 ዶላር ተስማማን። ትራክ ዴዩን የሚያዘጋጀው ክለብ የሚጠይቀውን የምርመራ ቅጽም ሰጠሁት፤ መካኒክ አይቶ መፈረም አለበት። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ትንሽ ስልኬን ነካክቼ፣ 50 ደቂቃ ሳይሞላ «አልቋል» አለኝ። ቅጹ ተፈርሟል። ባዶዎቹ የሸራ ካርቶኖች የጎን ወንበሩ ላይ ተደርድረዋል። «ይኸው፣ ሁሉም ገብቷል» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት። 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ ያለው ትራክ ነው። ጀማሪ ስለሆንኩ አሰልጣኝ ጎኔ ተቀምጧል። አራተኛው ዙር ላይ ፔዳሉ ትንሽ ላላ አለብኝ። ገና አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። አምስተኛው ዙር ላይ ረጅሙን ቀጥታ ጨርሰን ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስንቃረብ ፍጥነቴ ከ100 ማይል በላይ ነበር። ፍሬን ያዝኩ። እግሬ ወለል ነካ። ምንም የለም። አሰልጣኙ «ደጋግመህ ርገጥ!» ብሎ ጮኸ። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩና ሳሩ ላይ ወጣን። አፈሩን እያቦነንን ሄደን ቆምን። አሰልጣኙ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሦስት ልጆች እንዳሉት ጠዋት ላይ ነግሮኝ ነበር።

ቀስ ብለን ተመለስን። አጠገቤ ቆሞ የነበረ ሰው ክሪክ አዋሰኝና የፊት ግራውን ጎማ ፈታን። እኔ የገዛሁት ሸራ ጀርባው ሰማያዊ ነው። እዚያ ያለው ጥቁር ነው፣ ዝገት ለብሷል፣ ጠርዙ ተፈርፍሯል፣ ውፍረቱም አልቋል። አሮጌው የራሴ ሸራ ነው። ሌሎቹን ሦስቱንም ፈታን። ሁሉም ያው። ዘይቱን በቀጭን ላስቲክ ወደ ውሃ ጠርሙስ ስናወርደው የቡና አተላ ይመስላል። ባዶዎቹ ካርቶኖች ግን አሁንም መኪናው ውስጥ ነበሩ። እነሱን ሳይ እንባዬ መጣ። ለካ የተሰጠኝ ማስረጃ ሳይሆን ማታለያ ነው።

ከራሴ ጋር መታረቅ አቃተኝ። የአራት ጎማ ሸራ መቀየር፣ ዘይቱን በሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ መመርመር፤ ይህ በ50 ደቂቃ እንደማያልቅ አላውቅም? ጎማዎቹ ላይ ያለው አቧራ የሰው ጣት አልነካውም ነበር። የትራክ ሸራ ሳይሞቅ ይጮሃል፣ የኔ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር! ዓርብ ማታ ደግሞ አዲሱን ሸራ ላሟሽ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ስነዳ አመሸሁ። ያሟሸሁት አሮጌውን ነው።

ዛሬ ሄድኩ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና አላለም። «ሚያታ ናት እኮ ወንድሜ፣ ፌራሪ አደረግካት እንዴ?» አለኝ። ልጁ፣ ሠራሁ ያለኝ መካኒክ፣ ከመኪና ስር ሆኖ ሳቀ። ሸራዬ የት አለ ስለው «ገብቷል፣ አንተ ነህ ጨርሰህ ያመጣኸው» አለ። በሁለት ቀን ጨረስኩት እንበል፣ ሰማያዊው እንዴት ጥቁር ሆነ? መልስ የለም። ፊርማህስ ስለው «ወረቀት እኮ ነው፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚፈርመው» አለ። ያ ወረቀት ጎኔ የተቀመጠው ሰው ሕይወት ነው። ይህን ስነግረው ሌላ ደንበኛ ገባ፤ «ና ወንድሜ፣ ቡና ጠጣ» አለው።

እና እባካችሁ፣ ጎማው ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ። የወጣውን አሮጌ ሸራ ተቀበሉ። ትራክ ከመሄዳችሁ በፊት አንዱን ጎማ ራሳችሁ ፍቱና እዩ። ለሚያታ የሚሆን፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ካርቶን የሌለው የትራክ ሸራ በርካሽ አለኝ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ጠይቁልኝ።