በትከሻ፣ በዳሌ ወይስ በመዳፍ? ቤንደር ልትገዙ ላሰባችሁ

«ጋሼ፣ ያንን ጊታር የሚያስለቅሰውን ዕቃ ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?»

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የደወለልኝ ልጅ ነው። የሚለው ዕቃ ቤንደር ነው፤ ጊታር ላይ ተገጥሞ አንዱን ክር እየሳበ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ። ከእሱ በፊት ከዳላስ አንድ ጓደኛዬ፣ ከዚያም በፊት እዚሁ ናሽቪል ቤተ ክርስቲያን አብረን የምንጫወት ሁለት ልጆች ጠይቀውኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የእኔም መልስ አንድ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው፤ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህንኑ እልክለታለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። በትከሻ የሚሳበውን ግዙ። ገንዘቡ ካላችሁ ከፋብሪካ ቤንደር ተገጥሞበት የወጣ ያገለገለ የፌንደር ቴሌካስተር ጊታር ፈልጉ። ገንዘቡ ካነሰ በዳሌ የሚገፋውን ሂፕሾት ግዙ። በመዳፍ የሚጫኑትን፣ በተለይ ርካሽ ኮፒዎቹን፣ አልፋችሁ ሂዱ። እኔ በኮፒው ተቃጥያለሁ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ዕቃው ለምን እንደተሠራ ካላወቃችሁ ዋጋው አይገባችሁም። ብዙዎቻችን ከዶን ዊሊያምስና ከኬኒ ሮጀርስ ካሴት ጋር ነው ያደግነው። ከድምፃዊው ጀርባ እየተንሸራተተ አንጀት የሚበላው መሣሪያ ፔዳል ስቲል ይባላል። ተጫዋቹ ተቀምጦ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ፣ በጉልበቱ እየገፋ የክሮቹን ድምፅ ይቀያይራል። በዶን ዊሊያምስ ሥራዎች ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሎይድ ግሪን ነው። ቤንደር ማለት ያንን ድምፅ ከተራ ጊታር ለማውጣት የተሠራ ዕቃ ነው።

የተፈጠረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጊታሪስቱ ክላረንስ ዋይት ስቱዲዮ ውስጥ ግራ እጁ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ እንደተያዘ አንድ ክር መሳብ ፈለገ። ሦስተኛ እጅ የለውም። ከበሮ መቺው ጂን ፓርሰንስ በእሱ ፈንታ ክሩን ሳበለት። ዋይት በዚህ አልረካም፤ ብቻዬን የምሠራበት ነገር ሥራልኝ አለው። ፓርሰንስ የብረት ሥራ ያውቃል። የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ስኒኪ ፒት ክላይናው የሰጠውን የፔዳል ስቲል ዕቃ ወስዶ የዋይትን 1954 ቴሌካስተር ፈልፍሎ አስገባበት። ዕቃው አልበቃ ብሎት ከጊታሩ ጀርባ ሌላ እንጨት ጨመረበት። በእኛ አባባል ዋናው ቤንደር የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

ሁለቱም በበርድስ ባንድ ውስጥ ሳሉ በ1969 በወጣው «ናሽቪል ዌስት» ላይ ዕቃው በደንብ ይሰማል። ዋይት በ1973 በመኪና አደጋ ሞተ። ጊታሩን የካንትሪ ሙዚቀኛው ማርቲ ስቱዋርት ከዋይት ሚስት ገዛው፤ ዛሬም በስቱዋርት እጅ ነው። በዚያ ጊታር የተጫወተው «ሃሚንግበርድ» በ2011 ግራሚ አግኝቷል። ይህን ሥራ ሳትሰሙ ዕቃውን አትግዙ።

አሁን አንድ ነገር በእጃችሁ ሞክሩ። ሦስተኛውን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያዙ። ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር ክፍት ተዉአቸው። ሦስቱን አንድ ላይ ምቱ። ያልተቋጨ፣ የሚጠብቅ ድምፅ ነው። አሁን ሁለተኛው ክር ብቻ፣ ቢ የነበረው፣ ቀስ ብሎ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ሲ ሻርፕ ሲሆን አስቡት። ኤ ሜጀር ሆነ። ሁለቱ ክሮች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ አንዱ በመካከላቸው ተንሸራትቶ ቤቱ ገባ። መሰንቆ እየሰማ ላደገ ሰው የሚንሸራተት ድምፅ ባዳ አይደለም። የቤንደር ጉዱ ግን ሌሎቹ ክሮች ዝም ብለው መቆማቸው ነው። ክፍቱን ክር ደግሞ እንደተያዘ ክር ፍሬት ላይ በጣት መሳብ አይቻልም።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከሚወዱት ሶሎ ነው። እኔን የያዘኝ በርኒ ሌደን በ1972 ከኢግልስ ጋር በ«ፒስፉል ኢዚ ፊሊንግ» ላይ የተጫወተው ነው። አይቸኩልም። ክሩ ሲወጣ መንገዱን ሁሉ ታዳምጡታላችሁ። ከዚያ የዳይመንድ ሪዮ ባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ኦላንደር አለ። የ1990ዎቹ ሥራዎቹ ፈጣን ናቸው፤ ቀኝ እጁ እየለቀመ ሳለ ክሩ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። ሁለቱም የሚሆኑት ቀኝ እጅ ነፃ ስለሆነ ነው። ዕቃው መዳፋችሁን ከጠየቀ ከሶሎው ግማሹ ቀረ። ክርክሬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

በትከሻ የሚሳበው እንዲህ ነው። ማንገቻው የሚታሰርበት ላይኛው ቁልፍ እንደ ሌሎቹ ጊታሮች የተቸነከረ አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። የጊታሩን አንገት ወደ ታች ስትገፉ ማንገቻው ቁልፉን ይይዘዋል፣ ውስጥ ያለው ብረት ይሳባል፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ታች ከሚያርፉበት ብረት) ጀርባ ያለው ክብ ብረት ዞሮ ክሩን ይስበዋል። ስትለቁ ሞላው ይመልሰዋል። ሁለቱም እጆቻችሁ ሥራቸው ላይ ናቸው።

ይህን በሦስት መንገድ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንደኛው የጂን ፓርሰንስ የራሱ ሥራ ነው፤ እንጨት ብዙ ይፈለፈላል። ሁለተኛው እዚህ ናሽቪል ጆ ግሌዘር የሚገጥመው ነው። እኔ በሞከርኩት ላይ የአንገቱ ጉዞ አጠር ይላል፤ ለፈጣን ሥራ ይመቻል። ኦላንደር የሚጫወተው በግሌዘር ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከአንድ ደህና የሜክሲኮ ቴሌካስተር ዋጋ ጋር ይቀራረባል። በዚያ ላይ ጊታሩን ትታችሁ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። ለመካከለኛ ጊታር እንዲህ ያለ ወጪ አላወጣም።

ሦስተኛው ነው የእኔ። ፌንደር ከ1998 ጀምሮ ለዓመታት ናሽቪል ቢቤንደር የሚል ቴሌካስተር ሠርቷል። ቤንደሩ የፓርሰንስና የሜሪዲያን ግሪን ነው። አሁን አዲስ አይሠራም፤ ያገለገለ ግን ይገኛል። እኔ የገዛሁት በ1,350 ዶላር ነው። ሰውየው 1,600 ነበር ያለው። ቤት ሄጄ ሳየው ክሩ ሲ ሻርፕ ሳይደርስ ይቆማል። ሰውየው ራሱ ተበላሽቷል ብሎ ሰግቷል። አየሁት፤ ማስተካከያዋ ቪቴ ናት የዞረችው። በመፍቻ ሩብ ዙር አዞርኳት፣ ክሩ ቦታው ደረሰ። እያየ ነው የሠራሁት፤ አልደበቅኩትም። ያም ሆኖ ክሮቹ ዝገዋል፣ ፍሬቱ በልቷል፣ ሳጥኑ የለም እያልኩ ተከራክሬ 250 ዶላር አስቀነስኩ። ሒሳቡን አስሉት። ጊታሩንም ቤንደሩንም በ1,350 አገኘሁ። መካከለኛ ጊታር ገዝታችሁ ብታስገጥሙ ከዚያ አታንሱም፤ ስትሸጡት ደግሞ የተፈለፈለ ጊታር ብለው ዋጋ ይጥሉባችኋል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ይከብዳል። ሁለት ሰዓት ቆሜ ከተጫወትኩ ትከሻዬ ይናገራል። ተቀምጦ ለሚለማመድ ሰው አይመችም። ማንገቻው ቀጭን ናይለን ከሆነ ይለጠጥና ጉልበታችሁን ይበላዋል፤ ሰፊ ቆዳ ግዙ፣ ከቁልፉ እንዳይወጣም መቆለፊያ አድርጉለት። ክሩም እዚያው ክቡ ብረት ላይ እየተጠመዘዘ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ሂፕሾት ሌላ ነው። ምንም አይፈለፈልም። ከጊታሩ ታች ጫፍ ላይ በቪቴ ይታሰራል፤ ወደ ጎን የወጣ ዘንግ አለው። ዘንጉን ዳሌያችሁ ላይ አስደግፋችሁ ጊታሩን ስትገፉ ክሩ ይሳባል። የሄልካስተርስ ባንዱ ጊታሪስት ዊል ሬይ በእሱ ስንት ነገር ሠርቷል፤ ስለዚህ መጫወቻ ነው የሚላችሁን አትስሙ። እኔ ከሰው የገዛሁት 160 ዶላር ነበር፤ አዲሱ ከ200 ያልፋል። ራሴ በአንድ ከሰዓት ገጠምኩት። ቀኝ እጅ ነፃ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ የማደርገው።

ያልወደድኩለት ዘንጉን ነው። መድረክ ላይ ከሸሚዝ ጋር ይያያዛል። ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ በወጣን በገባን ቁጥር ማጠፍ ወይም መፍታት ነው። ዳሌም እንደ ትከሻ አይታዘዝም። ዝግ ያለውን ሶሎ በደንብ ተጫወትኩበት፤ የፈጠነ ጊዜ ግን ከምቱ ቀድሜ ወይም ዘግይቼ እገኛለሁ። ምናልባት ከእኔ ሰውነት ጋር አልተስማማም። የዳላሱ ጓደኛዬ ቀጭን ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በእሱ እየተጫወተ ቅሬታ የለውም።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት። በመዳፍ የሚጫኑት ብሪጁ አጠገብ ትንንሽ እጀታ አላቸው። ደህናዎቹ አሉ፤ የዱዘንበርግ መልቲቤንደር የሚባለው ጥሩ ብረት ነው፤ ከአንድ በላይ ክርም ይስባል። ለስላይድ ተጫዋች፣ ክሩ ላይ ብረት ወይም ብርጭቆ እያንሸራተተ ለሚጫወት፣ እመክረዋለሁ። እኔ ግን እሱን አልገዛሁም። ከኢንተርኔት በ58 ዶላር የእሱን ኮፒ አዘዝኩ። በፎቶ አንድ ናቸው።

ሲመጣ ከበደኝ፤ ደስ አለኝ። ለመግጠም ጊታሬ ፊት ላይ አራት ቀዳዳ በሳሁ። የመጀመሪያው ቀን ሠራ። በሁለተኛው ቀን ክሩ ሄዶ ሲመለስ ቢ አይደለም፣ ከቢ በታች ነው። ቃኘሁት። አሥር ጊዜ ጫንኩት፣ እንደገና ወረደ። ፈትቼ ሳየው ክሩን የሚይዘው ብረት ለስላሳ ነው፤ የክሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ብረት ብረቱን እየበላች ገብታለች። የማቆሚያዋ ብሎን ጥርስ በሁለት ማጥበቅ ተላጠ። ብናኙ ብረት የክሩን ድምፅ በሚቀበለው ፒክአፕ ማግኔት ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሻጩ ገንዘብ አልመለሰም፤ ከተገጠመ አንቀበልም አለ። ቀዳዳዎቹን ለማስደፈን ለጠጋኝ 90 ዶላር ከፈልኩ። በ58 ዶላር የጀመርኩት 148 ዶላር ሆኖ ከቀለሙ ላይ አራት ጠባሳ ይዤ ቀረሁ። ጥቂት ጨምሬ ሂፕሾቱን እገዛበት ነበር። አሁን ሳስበው እንኳን ያንገበግበኛል።

ኮፒን በፎቶ አትለዩትም። በእጅ ግን ይለያል። እጀታውን ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ኦርጅናሉ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፣ ኮፒው ይወላገዳል። ይህን ሳያስነካችሁ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ይቅርባችሁ።

ያገለገለ ቤንደር ልታዩ ስትሄዱ መቃኛ ያዙ። ክሩን ቃኙት፣ ሃያ ጊዜ ሳቡት፣ እንደገና ቃኙት። ወርዶ ከተገኘ ወዲያው አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቤንደሩ አይደለም። በአንገቱ ጫፍ ክሩ የሚያርፍባት ነት ላይ ያለው ቦይ ጠቦ ክሩን ይይዘዋል። ሲሳብ ጭጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። እርሳስ ስላችሁ ቦዩ ውስጥ አሹበት፤ እኔ ክር በቀየርኩ ቁጥር አደርገዋለሁ። ከዚያ የጀርባውን ክዳን ክፈቱ። ሞላው ዝጎ ከሆነ ሃምሳ ዶላር አስቀንሱ። ማንገቻው የሚታሰርበት ቁልፍ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን እሱ በልቷል፤ እኔ ብሆን አልገዛም። አምፕ ላይም ሰክታችሁ ክር ሳትመቱ ቤንደሩን ብቻ ሳቡት። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከተሰማ ፀጥ ባለ ዘፈን ላይ ያስቸግራችኋል።

የአዲስ አበባው ልጅ ጉዳይ ይለያል። አንድ ቴሌካስተር ብቻ ነው ያለው፤ እንጀራውም እሷ ናት። እሷን አስፈልፍል አልለውም። አናጢ ነካክቶ ቢያበላሻት ምትክ የለውም። ጊታር ከዚህ ልላክ ብል ደግሞ የጉምሩኩ ነገር አለ። ስለዚህ ለእሱ ሂፕሾት ነው ያልኩት፤ ልብስ መሃል ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ቢታጠፍበት ወይም ብሎን ቢጠፋው ቶርኖ ቤት ወስዶ ያሠራዋል፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር የለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ገዛሁለት። ከእሱ ጋር አሥራ ሁለት ነጠላ ሁለተኛ ክር አስቀመጥኩለት። የሚያስረው ቀጭኗ ክር አሥር ቁጥር የሆነችበትን ፓኬት ስለሆነ ሁለተኛዋ አሥራ ሦስት ቁጥር ናት፤ ለአንድ ክር ብሎ ሙሉ ፓኬት መግዛት የለበትም። አንድ ትርፍ ሞላም ጨምሬያለሁ። በጥር የምትሄድ የአክስቴ ልጅ ይዛለት ትሄዳለች። እንደገጠመው ሦስተኛውን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይዞ፣ ሁለቱን ክፍት ትቶ፣ ያችን ኤ ሜጀር በስልክ ቀድቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።