ልደታ አካባቢ ይግባኝ የሚያውቅ ጠበቃ ለምትፈልጉ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ዝም ብል ይቆጨኛል። አንዲት ጠበቃ እናቴን ከገዛ ቤቷ እንዳትባረር አድርጋልኛለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ!

ነገሩ የቤት ክርክር ነው። የአባቴ ዘመዶች "ቤቱ የእኛ ነው፣ እሷ በጥገኝነት ነው የተቀመጠችው" ብለው እማዬን ከሰሱ። መጀመሪያ ጉዳዩን ያየው የስር ፍርድ ቤትም ፈረደባት። እኔን የወለደችበትን ቤት ልቀቂ ተባለች።

ያኔ የያዝነውን ጠበቃ ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ክፍያውን ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ስደውል "ችሎት ላይ ነኝ" የሚል መልእክት ብቻ ነው። ማታ ስደውልም ችሎት ላይ ነው። (ማታ የሚያስችል ፍርድ ቤት የት እንዳለ እንጃ።) ይባስ ብሎ "ይግባኝ እንላለን፣ ይግባኝ ከተባለ ማንም አይነካችሁም" እያለ አዘናጋን። ውሸት ነው። ይግባኝ ስለተባለ ብቻ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን ማስፈጸሙ፣ አይቆምም፣ ማስቆሚያ እግድ ለብቻው ይጠየቃል። ደግሞስ የታለ ይግባኙ? ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ ከፍርዱ ጀምሮ 60 ቀን ነው፣ እሱ ግን የውሳኔውን ግልባጭ እንኳ አላወጣም ነበር። ቀኑ ካለፈ ደግሞ "ጠበቃዬ አስረፍዶብኝ ነው" ብትሉ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ይህን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ።

ቀጥሎ ያገኘሁት ሰውዬ ጠበቃ ይሁን ደላላ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። "ዳኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ ለሻይ የሚሆን ነገር ብቻ አዘጋጂ" አለኝ። ሻዩ ከደመወዜ ይበልጥ ነበር። ጥዬው ሄድኩ።

እሷን የጠቆሙኝ ፍርድ ቤት በር አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት ናቸው። ሳለቅስ አይተው "ልጄ፣ ችሎት ላይ የሚጮህ ሁሉ ይግባኝ አያውቅም። ይግባኝ ጽሑፍ ነው። መጻፍ የምትችል ልጅ አለችልሽ" አሉኝ። እኚህንም አባት እድሜ ይስጥልኝ።

ቢሮዋ ጠባብ ናት፣ ፋይል ብቻ። እማዬ ገና ስታያት "ይቺ ናት የምትሟገትልኝ? ልጅ እኮ ናት!" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ግን የእማዬ ሹክሹክታ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ጠበቃዋ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም።

ዋጋ ስጠይቃት "መጀመሪያ ውሳኔውን ላንብበው" አለች። ሳንቲም አልተቀበለችም። በነጋታው ራሷ ደወለች። "አሸንፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ዳኞቹ ቅሬታችንን አይተው 'አያስቀርብም' ካሉ ሌላው ወገን እንኳ ሳይጠራ እዚያው ያልቃል። ግን የሚያስቀርብ ነገር ያለ ይመስለኛል" አለችኝ። ስንት ሰው "አይዞሽ፣ በእጃችን ነው" እያለ ብሬን ከበላ በኋላ፣ ላንሸነፍም ልንሸነፍም እንችላለን የሚለኝን ሰው ነው ያመንኩት። ዋጋውን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ውል በጽሑፍ፣ ለከፈልነው ደረሰኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። መዝገቡን አስወጥታ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች። ጠርታን ስንሄድ ከፋይሉ መሀል የአንድ ቢጫ የሆነ የግብር ደረሰኝ ኮፒ አወጣች። የእማዬ ስም በእጅ ተጽፎበታል። ዳሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። "ይሄ ለስር ፍርድ ቤት በማስረጃነት ቀርቧል፣ ውሳኔው ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተነሳም። ለምን እንዳልተቀበሉት እንኳ አልተጻፈም" አለች። የህጉን ነገር ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም።

እማዬ ወረቀቱን ስታይ ተነሳች። "ይሄንንማ እኔ ነኝ የከፈልኩት! ይቺን አዝዬ፣ ተሰልፌ!" ብላ ጀመረች። እኔ "እማዬ፣ ሥራ አለባቸው" ብዬ ላስቆማት ስል ጠበቃዋ "ተያት" አለችኝ። ስልኳ ሲጠራ ገልብጣ አስቀመጠችው። ሻይ አዘዘች። እማዬም ከጭቃ ቤቱ ጀምራ፣ አጥሩን፣ የአባቴን ሞት፣ ለቅሶ ላይ ማን መጣ ማን ቀረ፣ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ይግባኝ ላይ እንደ አዲስ ምስክር እንደማይሰማ ጠበቃዋ ታውቃለች፣ ለጽሑፏ የሚጠቅማት ነገር የለም። ግን "እሺ እማማ፣ ከዚያስ?" እያለች ሰማቻት። ያ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ እናቴን ቁጭ አድርጎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እማዬ ያን ቀን ማታ እራቷን በላች፣ ከርማ።

ይግባኙ ቀኑ ሳያልፍ ገባ። "ያስቀርባል" ተባለ። አፈጻጸሙም ታገደ። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ (ቀጠሮውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፣ ታውቁታላችሁ) ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ፣ የተዘለለው ማስረጃ ተመዝኖ እንደገና ይወሰን ብሎ ወደ ስር መለሰው። አዎ፣ ገና አላለቀም። እሷም "ገና ነው፣ ድግስ እንዳትደግሱ" ብላናለች። እማዬ ግን ቤቷ ነች። ያቺን "ልጅ እኮ ናት" ያለቻትን ጠበቃ አሁን "ልጄ" ነው የምትላት፣ እኔን እንኳ እንደዚያ አትጠራኝም።

እና እባካችሁ፣ ውሳኔ ተሰጥቶባችሁ የምትሠሩት የጠፋባችሁ፣ ቀን አታባክኑ። ወደ እሷ ሂዱ። ጎበዝ ናት፣ ቀጥተኛ ናት፣ ስልክ ታነሳለች! (ስልክ የሚያነሳ ጠበቃ ማግኘት ራሱ ስለት የሚያስገባ ነው።) የምትከፍሉት የሌላችሁ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የህግ ድጋፍ ይሰጣልና እሱንም ሞክሩ። ሌላ ጠበቃ የምትይዙም ብትሆኑ ከፍትህ ሚኒስቴር የተሰጠውን ፈቃድ አሳየኝ በሉት። ከተቆጣ ውጡ።

ስሟን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምናኛለች፣ ስለዚህ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ችሎት ስለምትገባ ከሰዓት ደውሉላት። የውሳኔውን ግልባጭ ይዛችሁ ሂዱ። ፍርዱ የተሰጠበትን ቀንም አጣርታችሁ ያዙ፣ ገና ሳትቀመጡ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።