የአፕል ፓይ፦ መሙያው ቀድሞ ይብሰል ወይስ ጥሬውን ይግባ?

ጎንደር ላይ ቤቱ ፓይ ለሚጋግር ሰው መሙያውን ቀድሞ ማብሰል ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ጥሬው ይቀላል፣ እሱ እውነት ነው። አፕሉን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ከስኳርና ከቀረፋ ጋር አዋህዶ ሊጡ ላይ መደልደል ብቻ ነው። ድስትም አይቆሽሽም። ችግሩ ኦቨን ውስጥ ይመጣል። አፕሉ ውሃውን ሲለቅ ይኮማተራል፤ የላዩ ሊጥ ግን ቀድሞ ደርቆ እንደቆመ ይቀራል። ስትቆርጡት ከላይ ክፍተት፣ ከሥር እርጥብ ሊጥ ታገኛላችሁ።

የበሰለው ውሃውን ድስት ላይ ይጨርሳል። ለ1 ኪሎ አፕል 100 ግራም ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ትንሽ ቅቤ ይበቃል። ለስለስ ሲል 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። በደረቁ ከገባ ይጓጉላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መሙያውም ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ስለዚህ አትቸኩሉ፤ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ አማስሉት።

መብራት ሲጠፋም የሚያዋጣው ይሄኛው ነው! መሙያውን ከሰል ላይ ሠርታችሁ መብራቱ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። በጾም ደግሞ ቅቤውን በዘይት መተካት ነው።

ብቻ ሳይቀዘቅዝ ሊጡ ላይ እንዳታፈሱት። ትኩሱ የሊጡን ቅባት ያቀልጠዋል፤ ቅርፊቱም ፍርክስክስ ማለቱ ይቀርና እንደ ዳቦ ይደድራል።