ለጥቁር አንበሳ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች ምስጋና

ልጄ በሳንባ ምች ታማ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛችበት ጊዜ ለተንከባከቧት ነርሶች፣ በተለይ የሌሊት ተረኛ ለነበረችው ሲስተር፣ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ አስታማሚ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለበት።

ልጄ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ስለነበረች የምትመገበው በአፍንጫዋ ገብቶ ጨጓራዋ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ነበር። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። መንገዱን ስቶ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ግን ወተቱ ሳንባ ውስጥ ይፈስሳል። የነቃ ልጅ ቢሆን ብዙ ጊዜ ያስለዋል፣ ያንቀዋል፤ በማስተኛ መድኃኒት የደነዘዘ ልጅ ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። ሲስተር «አላሳላትም ማለት ቱቦው ቦታው ላይ ነው ማለት አይደለም» የምትለው ለዚህ ነው።

ስትሠራ ብታዩዋት! ቱቦውን ከማስገባቷ በፊት ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ጫፍ፣ ከዚያም በደረት አጥንት ጫፍና በእምብርት መካከል እስካለው ቦታ ትለካና በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። ካስገባች በኋላ ምልክቱ አፍንጫ ሥር መሆኑን አይታ በፕላስተር ታጣብቀዋለች፤ የሴንቲሜትሩንም ቁጥር ትመዘግባለች። ቀጥላ በሲሪንጅ ከቱቦው ትንሽ ፈሳሽ ስባ የአሲድን መጠን በቀለም በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት ላይ ጠብ ታደርግና ቀለሙን ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር ታስተያያለች። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበዛል፤ የጨጓራ ፈሳሽ ደግሞ አሲድ ነው። ስለዚህ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወተቱ ይሰጣል፤ ከበለጠ አይሰጥም። ይህን ሁሉ ፍተሻ በየምግቡ ትደግመዋለች፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን።

ቀደም ሲል በነበርንበት ሌላ ሕክምና ቤት አየር በሲሪንጅ ገፍተው ሆዷን በማዳመጫ ይሰሙ ነበር፤ ሌላ ማረጋገጫ አልነበረም። ቱቦው ሳንባ ውስጥ ሆኖም ያው ድምፅ ሆድ ላይ ሊሰማ እንደሚችል የሰማሁት ከሲስተር ነው። የእንግሊዝ የሕሙማን ደኅንነት ተቋም በ2005 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ዘዴ መተማመን እንዲቀር አሳስቧል። እኛ አገርም በየሕክምና ቤቱ ሊቀር ይገባል።

አንድ ቀን ንጋት ላይ አክታዋ ከተመጠጠ በኋላ ሲስተር ምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ አገኘችው። ወተቱ ተዘጋጅቷል። እናቴ «ልጅቷ ተርባለች እኮ!» ብላ ስትጨነቅ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ «እማማ፣ ረሀቡን ትችለዋለች፤ ወተት ሳንባዋ ቢገባ ግን አትችለውም» አለቻት። ወረቀቱ ከ5.5 በላይ አሳየ። ልጄ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ትወስድ ስለነበር ቁጥሩ በዚያም ምክንያት ከፍ ሊል ይችል ነበር። እሷ ግን በግምት አላለፈችውም፤ ሐኪም ጠራች፣ ራጅ ታዘዘ። የቱቦው ጫፍ ከጨጓራ ወጥቶ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ታየ። ቱቦው ተስተካክሎ ቦታው ዳግም በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አልጋዋን ከራስጌ ቀና አድርጋ ወተቱን በቀስታ ሰጠቻት።

ልጃችሁ በቱቦ የሚመገብ ከሆነ ምልክቱ የት ላይ እንደሆነ እወቁ፤ ከመመገቡ በፊት መረጋገጡንም በትሕትና ጠይቁ። ሥራዋን የምታከብር ነርስ በዚህ አትከፋም፤ እኛ የጠየቅናቸው ሁሉ ቁጭ ብለው አስረድተውናል። የሆስፒታሉ ኃላፊዎችም ይህችን ሲስተር ለአዳዲስ ነርሶች አስተማሪ ቢያደርጓት ብዙ ልጆች ይጠቀማሉ።

ሲስተር፣ ልጄ አሁን ገንፎዋን በአፏ እየበላች ነው። እጅሽ ይባረክ፤ እግዚአብሔር የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።